ከዶራ ወደ ብሸሪ፦ የማሮናይት መንደርን ለአንድ ቀን ለመጎብኘት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከቤሩት ደወለችልኝ። «እሑድን ሙሉ ፈቅደውልኛል፤ ያን ሁልጊዜ የምትነግሪኝን የተራራ መንደር፣ ብሸሪን፣ ላየው ነው። ምን ይዤ፣ ምን ብዬ ልግባ?» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኳት ነገር ከነገርኳት በለጠብኝ። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ጀበና ቡና በማፈላባት ቦታዬ፣ ደንበኛ ጋብ ሲል ይህን የምጽፈው ለእርሷ ነው። እንደ እርሷ ሊባኖስ ለምትሠሩ፣ ወይም እህት ልትጠይቁ ለምትሄዱም ይሆናል።

ወደዚያ መንደር መጀመሪያ የገባሁት የሰው ሻንጣ ተሸክሜ ነው። የቤሩት ሙቀት ሲበረታ አሠሪዎቼ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወደ ተራራ ቤታቸው ይወጡ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ተመላለስኩ። በአራተኛው ዓመት ግን በገዛ ገንዘቤ ቫን ተሳፍሬ፣ አንድ ኪሎ ጣፋጭ ይዤ፣ እንግዳ ሆኜ ሄድኩ። መንገዱም ሰዎቹም ያው ናቸው። በፊት በማዳሜ በኩል ብቻ ሰላም ይሉኝ የነበሩት ሴት ግን ያን ቀን በራቸው ላይ ቆመው «ትፈደሊ» አሉኝ። ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ ማለት ነው። እንግዳ ሆኖ መግባት ራሱን የቻለ ሥርዓት እንዳለው የተማርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በመጀመሪያ የምትሄዱበትን ሕዝብ እወቁት። ማሮናይቶች ከሮም ጋር ኅብረት ያላቸው የምሥራቅ ካቶሊኮች ናቸው። ስማቸው የመጣው በሶርያ ምድር በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም ከኖረው ባሕታዊ ከቅዱስ ማሮን ነው። ዛሬ የሚናገሩት ዓረብኛ ቢሆንም የቅዳሴያቸው ጥንታዊ ቋንቋ ሱርስት ነው። በሰሜን ሊባኖስ ተራሮች መካከል ያለው ጥልቅ ሸለቆ ቃዲሻ ይባላል፤ ቃሉ በሱርስት «ቅዱስ» ማለት ነው። ለእኛ ትርጉም የሚያስፈልገው ቃል አይደለም። ሸለቆው ከላዩ ካለው የዝግባ ደን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብሸሪ፣ ሐስሩን፣ በቃዕ ካፍራ፣ ሐድሺት የሚባሉት መንደሮች በሸለቆው አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከእኛ አገር የሄዱ መነኮሳት በዚያ አካባቢ ይኖሩ ነበር። ከብሸሪ ብዙም በማይርቀው በኤህደን እስከ ዛሬ በሐበሾች ስም የሚጠራ የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም አለ። ይህን ስሰማ አራት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ባለፍኩበት መንገድ ላይ ቀና አልኩ። እናንተም ስትሄዱ ያን አገር የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች ሆናችሁ የምትረግጡት አይደለም።

አንድ ቀን ላላችሁ ምክሬ አንድ መንደር ብቻ ነው። ብዙ ልጆች በአንድ እሑድ ሐሪሳን፣ አናያን፣ ብሸሪንና ዝግባውን ሊያዳርሱ ይሞክራሉ። የሚያዩት የመኪና መስኮት ነው። ብሸሪን ከመረጣችሁ ብሸሪን በእግራችሁ ሂዱባት። ከቤሩት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል አይበቃውም ብላችሁ አስቡ። ቫኖቹ የሚነሡት እሑድ እሑድ ከምንገናኝበት ከቤሩቱ ሰፈር ከዶራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእነርሱ 7 ሰዓት ላይ እዚያ ብትገኙ ጥሩ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ሾፌሩን የምትጠይቁት ጠዋት ስትሳፈሩ እንጂ ማታ ተራራ ላይ ቆማችሁ አይደለም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና ይቀንሳል። ኢቃማችሁን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳችሁን፣ ያዙ፤ በመንገዱ የጦር ሠራዊት ኬላ አለ። ወረቀታችሁ በአሠሪያችሁ እጅ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ያለ ወረቀት ረጅም መንገድ አትውጡ። የአገሩ ፀጥታ ከተናጋም ጉዞውን አስቀሩት፤ በ2024 ጦርነት ጊዜ እንኳን ደቡቡ፣ ሰሜኑም ከአደጋ አልዳነም። ገንዘብ በትንንሽ የዶላር ኖቶች ያዙ። ከ2019 ወዲህ የአገሩ ገንዘብ ስለወደቀ ለመቶ ዶላር መልስ የሚሰጥ የመንደር ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል።

ወሩ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይሁን። ብሸሪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,450 ሜትር ናት። ከእኛ ሐዋሳ ዝቅ ትላለች፤ ነገር ግን በረዶ ይጥልባታል፤ ከላይ ወደ ዝግባው የሚወስደው መንገድም በክረምታቸው የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እኔ የምወደው መስከረምን ነው። ፖም የሚለቀምበት ወር ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሣጥን ተሸክሞ ይወጣል ይወርዳል። ደግሞም እ.ኤ.አ. መስከረም 14 የመስቀል በዓላቸው ነው፤ በዋዜማው በየመንደሩ እሳት ያነዳሉ። የእኛ ደመራ ሳይደርስ የእነርሱን ደመራ ያየሁበት ምሽት ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ልብሳችሁ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ይሁን። ራስ መሸፈን ግዴታቸው አይደለም፤ ነጠላ ብታደርጉ ግን ማንም ቅር አይለውም። እንዲያውም አሮጊቶቹ ጥለቱን እየዳሰሱ ማን እንደሠራው ይጠይቃሉ። ባዶ እጅ ግን አይሆንም። ከቤሩት ጥሩ ጣፋጭ በካርቶን አስጠቅልሉ። ከአገር ቤት የመጣ ቡና ካላችሁ ከሁሉ ይበልጣል። እኔ እናቴ የላከችልኝን የሲዳማ ቡና ቆልቼ፣ ሳልፈጨው በብርጭቆ ማሰሮ ወሰድኩ። ባለቤቲቱ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ጎረቤት ጠሩ። እነርሱ ቡናቸውን ብዙ ጊዜ ከሄል ጋር ያፈላሉ፤ ያን ቀን ግን ያለ ሄል ተፈላ።

መንደር ስትገቡ መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም። እዚያ እንደ ቤሩት ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ተቀምጦ ለሚያያችሁ «መርሐባ» በሉ። ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ሌላ ቃል አለ፤ እንጨት ለሚፈልጥ፣ ደጅ ለምትጠርግ፣ ፖም ለሚለቅም። ለወንድ «ያዕቲክ ልዓፍዬ»፣ ለሴት «ያዕቲኪ ልዓፍዬ» ይባላል። እኛ «ያበርታችሁ» የምንለው ነው። ይህችን አንዲት ቃል ከውጭ ሰው አፍ ሲሰሙ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። መልሳቸው «አላህ ይዓፊኪ» ነው። «አላህ» የሚለውን ስትሰሙ አትደንግጡ፤ በዓረብኛ የሚጸልይ ክርስቲያንም እግዚአብሔርን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ካህኑን «አቡና» በሏቸው። በእኛ ዘንድ አቡን ጳጳስ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ የአጥቢያው ቄስም አቡና ናቸው። ሚስት ካላቸው አትገረሙ፤ እንደ እኛ ቀሳውስት አግብተው የሚቀስሱ አሉ። የቄሱን ባለቤት «ኹሪዬ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውንም በክብር ሰላም በሏቸው።

እሑድ ጠዋት ከደረሳችሁ ወደ ቅዳሴ ግቡ። እኔ የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ እግሬ እያመለከቱ «እብነ በረዱ ይበርድሻል፣ ልጄ» ብለው እንድጫማ አደረጉኝ። እዚያ በጫማ ይገባል፤ ወንድና ሴትም በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ከኋላ ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ሲነሣ ተነሡ፤ ሲቀመጥ ተቀመጡ። እንደ እኛ መቅደሱን የሚሰውር መጋረጃ ስለሌለ ቅርብ ይመስላል፤ ቢሆንም ወደ መንበሩ ደረጃ አትጠጉ። ቁርባን ሲሰጥ በቦታችሁ ቆዩ። ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ቤተ ክርስቲያናችን ከእነርሱ ጋር የቁርባን ኅብረት የላትም፤ ሰልፍ ገብቶ መቁረብ የእነርሱንም የእኛንም ሥርዓት መድፈር ነው። ካቶሊክ የሆነች የሐዋሳ ልጅ ግን መቁረብ ትችላለች።

ከዚያ ሁሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። በቅዳሴው ውስጥ ሕዝቡ በዓረብኛ ሲያዜም ቆይቶ በድንገት ወደ ሱርስት ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ፦ «ቃዲሻት አሎሆ፣ ቃዲሻት ሐየልቶኖ፣ ቃዲሻት ሎ ሞዩቶ»። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ስሰማው ቃሉን የማውቀው መሰለኝ፤ ከየት እንደማውቀው ግን ጠፋብኝ። ሁለተኛው ላይ ገባኝ። «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ነው። ሐዋሳ ገብርኤል እናቴ ጎን ቆሜ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ያ ጸሎት ነው፤ «ሐየልቶኖ» ኃያል፣ «ሎ ሞዩቶ» የማይሞት። ሦስተኛውን በግእዝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አብሬ አልኩት። አጠገቤ የነበሩት ሴት ዞር ብለው አዩኝና እጄን ያዙ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደጁ ላይ ይቆያል። ቡና የሚጠራችሁም ይገኛል። መጀመሪያ «አይ፣ ላስቸግር አልፈልግም» ማለት ያምራል፤ ሦስተኛ ጊዜ እንቢ ማለት ግን ስድብ ነው። ይህን ሐበሻ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው በትንሽ ስኒ ይመጣል። ጨርሳችሁ ስኒውን ስትመልሱ «ዳይሜ» በሉ፤ ዘወትር ይኑራችሁ፣ ቤታችሁ ከቡና አይለይ እንደ ማለት ነው። ምግብ ከቀረበ «ሰሕቴን» ይሏችኋል፤ ሁለት ጤና ይስጥሽ ማለት ነው። ኪቤ (ሥጋና ቡልጉር)፣ ታቡሌ (የፓርስሊ ሰላጣ)፣ ላብኔ (የተጠለለ እርጎ)፣ ሳጅ በሚባል የብረት ምጣድ ላይ የተጋገረ ስስ ቂጣ ይቀርባል። ጾም ከሆነ ሥጋውንና ወተቱን እየጎረሳችሁ አትሠቃዩ፤ «አና ሳይሜ» በሉ፤ ጾመኛ ነኝ ማለት ነው። እነርሱም ዐቢይ ጾም ያላቸው ሕዝብ ስለሆኑ ይገባቸዋል፤ ቀኑ ግን ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ወይራ፣ ሽምብራ፣ ታቡሌና ዳቦ ከየትም ያመጣሉ።

ስለዚያ «ዳይሜ» የሚባል ቃል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳስታውሰው አሁንም ልቤን ይሰማኛል። ሁለተኛ ጉዞዬ ላይ ብዙ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ አየሁ። የማውቃቸው ሴትም በሩ ላይ ነበሩና ገባሁ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፤ ቡናው ስኳር የለውም። ተቀብዬ ጠጣሁና በለመድኩት አፌ «ዳይሜ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልቅሶ ቤት ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህ ቡና አይለያችሁ ብዬ መርቄ ወጣሁ ማለት ነው። የሟች እህት ክንዴን ይዘው በጆሮዬ «አላህ ይርሐሞ» ብለው አስተማሩኝ፤ እኔም ደገምኩት። «ነፍስ ይማር» ነው። ከእናንተ ይህ እንዳይደርስ ስኳር የሌለው ቡና ሲሰጣችሁና ሰዉ ጥቁር ለብሶ ስታዩ ይህን በሉ፤ ለሴት ከሆነ «አላህ ይርሐማ»። ጎብኚ ነኝና አይመለከተኝም አትበሉ፤ ገብታችሁ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስልካችሁ ልምጣ። ወንድሜ እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ይበልታል። ጠዋት ጠዋት ቱሪስት ይመጣል፤ ካሜራው ከሰላምታው ይቀድማል። ወንድሜ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ ያያቸውና ተመልሶ አንገቱን ይደፋል። ያን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ፤ እኔም ማዳሜ እንግዶቿ ፊት ሳታስፈቅደኝ ስታስነሣኝ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ስለዚህ በራፍ ላይ ባቄላ የሚፈለፍሉ አሮጊት ስታዩ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ ሁለት ሦስት ባቄላ አብራችሁ ፈልፍሉ፤ ከዚያ ብቻ «ፎቶ ይቻላል?» ብላችሁ በእጃችሁ ጠይቁ። እጃቸውን ካወዛወዙ ስልኩን ወደ ቦርሳ መልሱ። ቅዳሴ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ መቃብር ላይ አታንሡ። በየግድግዳው የወጣት ወንዶች ፎቶ ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የሞቱ ልጆች ናቸው፤ ከፊታቸው ቆማችሁ ራሳችሁን ፎቶ አታንሡ። ስለዚያ ጦርነት፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች እናንተ ጥያቄ አታንሡ። እነርሱ ከጀመሩ ስሙ፤ ፍርድ አትስጡ።

ለማንሣት ፈቃድ ያገኛችሁበትን ፎቶ ግን መልሱላቸው። እኔ የአንዲት እናትን ፎቶ ከሳጃቸው ፊት አንሥቼ ቤሩት አሳጠብኩትና በሚቀጥለው ጉዞ ወሰድኩላቸው። ከማር ሻርቤል ምስል ሥር አስቀመጡት። «ማር» ማለት ቅዱስ ነው፤ ማር ይስሐቅ እንደምንለው። ማር ሻርቤል ነጭ ጢም ያላቸው፣ ዓይናቸውን ወደ ታች ያደረጉ መነኩሴ ናቸው፤ በየታክሲውና በየሱቁ ታዩአቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1828 በበቃዕ ካፍራ ተወልደው በ1898 አርፈዋል፤ በ1977 ቅድስናቸው ታውጇል። የተወለዱበት ቤት ዛሬ ጸሎት ቤት ነው። ምስላቸውን ነክተው የሚያማትቡ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ ቆም በሉ፤ ከፊታቸው አቋርጣችሁ አትለፉ።

ተጨማሪ ሰዓትና የታክሲ ገንዘብ ካላችሁ ብቻ ወደ ቆዝሐያ፣ ወደ አባ እንጦንስ ገዳም ውረዱ። በዚህ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1610 መዝሙረ ዳዊት በሱርስት ፊደል ታትሟል። የእኛ ግእዝ ዳዊት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1513 ሮም ላይ ታትሞ ነበር፤ መነኩሴውን ካገኛችሁ ንገሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል። በገዳሙ አጠገብ ዋሻ አለ። አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ፈውስ ፍለጋ በሰንሰለት ታስረው የሚያድሩበት ነበር፤ ሰንሰለቱ ዛሬም አለ። ጠበል ቦታ ያደገ ሰው ያን ሰንሰለት ሲያይ የሚሰማውን ያውቃል። እኔ አንዲት ሻማ አብርቼ፣ ገንዘቧን ሣጥኑ ውስጥ ጥዬ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ።

የቀረኝ ለእኛ ብቻ የሚሆን ነው። በእነዚህ መንደሮች ውስጥ አዛውንት የሚጦሩ የአገራችን ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለወራት አማርኛ ሳይሰሙ ይቆያሉ። ከሰገነት ላይ አንዲት ልጅ በዓይኗ ስትከተላችሁ ታውቋታላችሁ። ሮጣችሁ አትጥሯት። መጀመሪያ አብረዋት ያሉትን አሮጊት «መርሐባ፣ ቴታ» ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ ቴታ ማለት አያቴ ነው። ከዚያ እርሷን በአማርኛ ሰላም በሏት፤ ስሟን፣ አገሯን ጠይቋት። በሹክሹክታ አትነጋገሩ፤ ስልክ ቁጥርም በድብቅ አታቀብሏት፤ እናንተ ሄዳችሁ ጣጣው ለእርሷ ይተርፋል። ቁጥራችሁን በግልጽ፣ በቴታ ፊት ስጧት። እኔ ባጋጠመኝ ቴታዋ ራሳቸው ወንበር አውጥተው አስቀመጡን፤ ልጅቷ የሻሸመኔ ልጅ ነበረች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሐይቃችን አወራን፤ ዓሣው አሁን ስንት እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀችኝ። ችግር እንዳለባት ከነገረቻችሁ እዚያው አትጨቃጨቁ፤ ስሟንና የመንደሩን ስም በደንብ ይዛችሁ ቤሩት ስትደርሱ ለቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ወይም ስደተኛ ሠራተኞችን ለሚረዱ ሰዎች ንገሩ።

ስትነሡ ከተቀበሏችሁ ቤት ሳትሰናበቱ አትሂዱ፤ ቫኑ ጥሩምባ ቢነፋም። በመስከረም ከሄዳችሁ ቦርሳችሁን ባዶ ቦታ አስቀሩለት፤ ፖም ሳይሞሉላችሁ አይለቁም።